ጠራዡና ቁጥር ዘጠኝ

ጠራዡ የተቀደደ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም ነበር። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የዋጋ ዝርዝሩ ጠርዙ ተላጦ ካየ፣ ሻዩን ትቶ ጣቱን በምራቁ እያራሰ እሱን ሲያስተካክል ይቆያል። አስተናጋጇ «አባባ፣ እሱን ይተዉትና ይጠጡ እንጂ፣ ቀዘቀዘኮ» ስትለው፣ «አንቺ ቀድመሽ አይተሽው ቢሆን ኖሮ በሙቁ እጠጣ ነበር» ይላታል። የማተሚያ ቤቱ ሰዎች «ሙጫ» ነው የሚሉት። አንድም ጣቶቹ ከሙጫ ጸድተው ስለማያውቁ፣ አንድም ወሬ ከጀመረ የሚያላቅቀው ስለሌለ። የመዝገብ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የሠራው ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ አንዲት መስኮት አለቻት፤ እሷም የምታሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። መሐል ላይ በቢላ ጭረት የተዥጎረጎረ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በግራ በኩል እንደ መኪና መሪ የሚዞር እጀታ ያለው የብረት መጭመቂያ፣ በቀኝ በኩል ክንድ የሚያክል ስለት ያለው መከርከሚያ ቆሟል። የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የተማሪ መዝገበ ቃላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት የሠርግ አልበም፣ ሁሉም ተጎሳቁለው ይገቡና ሰው መስለው ይወጣሉ። ሥርዓቱ አንድ ነው። ሥራው ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ይጠገናል፣ ይሰፋል፣ ይጨመቃል፤ በመጨረሻ ይከረከማል። ሙያውን ያስተማሩት አለቃ ጠርዙ ያልተስተካከለ ጥራዝ ካዩ ጣቶቹን በማስመሪያ ነበር የሚያቀምሷቸው። ስለዚህ ሳይከረከም ከዚያች ክፍል የወጣ ሥራ የለም። ትምህርቱን ከጭንቅላቱ ይልቅ እጁ ነበር አጥብቆ የያዘው።

አንድ ወንድም ነበረው። እናታቸው ስትሞት ጠራዡ አሥራ ስምንት፣ ወንድሙ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አባት ድሮም የለም። ዘመድ የተባለው ሁሉ ለቅሶው ላይ «አይዞህ፣ አለንልህ» ብሎ በማግሥቱ የገባበት ጠፋ። ጠራዡም ታናሹን ይዞ አንዲት ቤት ተከራየ፤ ቀን ሙጫ እያማሰለ፣ ማታ ሽሮ እያማሰለ አሳደገው። «ለኔ ልዩነቱ ማንኪያው ብቻ ነው» ይል ነበር ሲቀልድ።

ልጁ አንድ አመል ነበረው። በየሳምንቱ ከጋዜጣ አዟሪው ሥዕላዊ መጽሔት ካልተገዛለት እህል አይወርድለትም። ኮሚክ የሚባለው ነው፤ በየሳጥኑ የተሳለ፣ ከሰዎቹ አፍ ንግግር እንደ ፊኛ የሚወጣበት። ጠራዡ ነገሩ አይገባውም ነበር፤ ግን ከሳንቲሙ ቀንሶ ይሰጠዋል። ልጁ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆ፣ አልጋ ላይ በደረቱ ተኝቶ ነበር የሚያነበው። የሰፈሩ ሰው ግን በዚያ መጽሔት ለውዝ ይጠቀልላል፣ ከሰል ያቀጣጥላል፣ የተረፈውን መስኮት ይወለውልበታል።

አንድ ቀን ጠራዡ ደክሞትና ተናዶ ከሥራ ገባ። አለቃው የሰደቡት ቀን ነበር። ልጁ የቤት ሥራውን ትቶ መጽሔቱ ላይ ተደፍቶ አገኘው። «አንተ ልጅ ይሄ ነገር ነው የሚያደድብህ!» ብሎ መነጨቀው። ልጁ አልለቅም አለ። የጀርባው ሽፋን ሁለት ጣት ያህል ተቀደደ። ልጁ አላለቀሰም፤ ተቀዶ የተከፈተውን ቦታ በመዳፉ ሸፍኖ ዝም ብሎ አየው። ያ አስተያየት ጠራዡን አንጀቱን በላው። «በቃ፣ ነገ እጠግንልሃለሁ» አለው። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ልጁም ደግሞ አልጠየቀውም። ይቺ ነገር ግን ከጠራዡ ሆድ አልወጣችም፤ የስንቱን ሰው ወረቀት ሲጠግን አንዳንዴ ብልጭ ትልበታለች።

ልጁ አደገና ፖስተኛ ሆነ። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲያመላልስ አንድም ፖስታ አጥፎ አያውቅም ይባልለታል። አገባ፤ ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳለት ሁለት ዓመት ሳትቆይ ሞተች። ልጅቷን ሁለቱ ወንድማማቾች ተጋግዘው አሳደጓት። የፀጉር አሠራሩን የቻለበት ጠራዡ ነበር፤ ሹሩባ ማለት ለሱ የመጽሐፍ ጀርባ እንደ መስፋት ነውና። ትምህርት ቤት ስትሄድ ጓደኞቿ «ማነው የሠራሽ?» ሲሏት «አጎቴ» ትላለች፤ ማንም አያምናትም።

ሃያ ዓመት ሲሞላት አባቷ ደረጃ መውጣት አቃተው። መጀመሪያ ዕድሜ ነው አለ። ቀጥሎ ቦርሳው ከበደኝ አለ። በመጨረሻ አንድ ቤት በር ላይ ደብዳቤ እንደያዘ ወደቀ። ሐኪሙ የልቡ ቫልቭ ተበላሽቷል፣ በሁለት ወር ውስጥ ካልተቀየረ ተስፋ የለውም አላቸው። ከተቀየረለት ግን እንደ ሰው ይኖራል። የቀዶ ጥገናው ዋጋ የሁለቱም የበርካታ ዓመት ደመወዝ ቢጠራቀም የሚደርስበት አልነበረም።

ጠራዡ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ወንድሙ ግን ፈገግ አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ቁጥር ዘጠኝኮ አለች።»

«የምን ቁጥር ዘጠኝ?»

«መጽሔቷ ናታ። አንተ የቀደድካት።»

ጠራዡ ሕመሙ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ እንዴ ብሎ ደነገጠ። ወንድሙ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትንፋሹን እየሰበሰበ አስረዳው። ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሔቱ መጀመሪያ የሚተርከው ስለ አንድ ወፍራም መርማሪ ነበር። ቁጥር ዘጠኝ ላይ፣ ገጽ አሥራ አንድ፣ በሁለት ትንንሽ ሥዕሎች ውስጥ አንድ መሰላል የተሸከመ ሰው በመንገድ ያልፋል። አይናገር፣ አይጋገር። ሽፋኑ ላይም የለም። ሠዓሊው ጎዳናው ባዶ እንዳይሆን ብሎ ጣል ያደረገው ነው የሚመስለው። ያ ሰው ግን በኋላ «ባለመሰላሉ» ተብሎ ስንት ጉድ የሠራ ጀግና ሆነ፤ መርማሪው ተረሳ፣ መጽሔቱ በባለመሰላሉ ስም ተጠራ። አሁን ደግሞ ፊልም እየተሠራለት ነው።

«ሰው ሁሉ የሚፈልገው መጀመሪያ ብቅ ያለባትን ነው» አለ ፖስተኛው። «ቁጥር አንድን ያስቀመጠ ብዙ አለ። ቁጥር ዘጠኝን ማን ያስቀምጣል? ማን አወቀ? ለውዝ ተጠቀለለባት፣ አለቀች። ፊልሙ ከተወራ ወዲህ ደግሞ ዋጋዋ ጣራ ነክቷል።»

«እና አንተ እንዴት አስቀመጥካት?»

ፖስተኛው ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ ሁሉንም አስቀምጬ ነበር። ሌላውን ሚስቴ ስትታመም ሸጥኩት። እሷን ግን እንጃ፣ አልቻልኩም።»

ጠራዡ ለጉድ ነው የሰማው። ወረቀት ማለት ለሱ ጽሕፈቱ ቁም ነገር ከሆነ ይከበራል፣ ካልሆነ ደግሞ ይጠቀለልበታል። ዳር ላይ ያለፈ ባለ መሰላል የሰው ነፍስ ያድናል ቢሉት ኖሮ ይስቅ ነበር። ግን ወንድሙ ቀልዶ አያውቅም።

በሳምንቱ አንድ የመጽሔት ነጋዴ እቤታቸው ድረስ መጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰው ነው። ጠራዡ ጓንቱን ሲያይ «ይሄ ደግሞ ሊያዋልድ ነው እንዴ የመጣው» ብሎ ለልጅቷ በጆሮዋ ነገራት፤ ልጅቷ አፏን ይዛ ሳቀች። ነጋዴው መጽሔቷን ከፕላስቲኳ አውጥቶ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አያት። ጀርባዋን፣ አራቱን ማዕዘን፣ የገጾቹን ንጣት መረመረ። በማስመሪያ ለካት። ፎቶ አነሳት። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እንዲህ ያለች አይቼ አላውቅም» አለ። «ገጹ ነጭ ነው፣ ቀለሙ አልሸሸም። ከአሥር ሰባት ተኩል እሰጣታለሁ። ወይ ነዶ! ይሄ ገጾቹን የያዘው ሽቦ ዝገትና ይቺ ከኋላ ያለችው ቅድ ባይኖሩ ዘጠኝ በገባች ነበር። ዘጠኝ ብትገባ እኮ ዋጋዋ እጥፍ ነው።»

በሰባት ተኩሉ ዋጋም ቢሆን ቀዶ ጥገናው ይሸፈናል። ነጋዴው ገዢ አለኝ፣ በሁለት ሳምንት ገንዘቡን ይዤ እመጣለሁ አለ፤ ተጨባበጡ። ፖስተኛው ዐይኑን ጨፍኖ ተመስገን አለ። ልጅቷ አባቷን አቅፋ አለቀሰች። ጥግ ላይ የተቀመጠው ጠራዥ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ጠፍቶበት ነበር። ጆሮው ውስጥ የቀረችው አንዲት ነገር ናት፤ «ይቺ ቅድ ባትኖር»።

ቅዷ የሱ ናት። ዋጋዋን ግማሽ ያደረገው እሱ ነው። ወንድሙ ድኖ ይነሳል፤ ግን ባዶ ኪስና ባዶ ቤት ይዞ፣ ደብዳቤ መሸከም የማይችል ሰው ሆኖ። ልጅቷም ዩኒቨርሲቲ የገባችው በሱ ደመወዝ ነው፤ እሱ ሥራ ሲያቆም እሷም ማቆሟ ነው። እጥፉ ቢመጣ ይሄ ሁሉ አይኖርም። እጥፉን የከለከለው ደግሞ ዝገትና ሁለት ጣት የምታክል ቅድ ነው። እነዚህን ማጥፋት ደግሞ አርባ አምስት ዓመት የኖረበት ሥራው ነው።

በአራተኛው ቀን ፖስተኛው ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ገባ። ሲሄድ መጽሔቷን በፖስታ ከትቶ ለወንድሙ ሰጠው። «አንተ ጋ ትቀመጥ። ካንተ የተሻለ ወረቀት የሚይዝ አላውቅም» አለው። ሌላ ምንም አላለም። ከመጽሔት ሰብሳቢ ጋር ለሚውል ሰው የማይነገር ነገር ነበር፤ አትንካት ብሎ ማስጠንቀቅ እሳት ያቃጥላል ብሎ አዋቂን እንደ ማስጠንቀቅ ይሆንበት ነበር። ጠራዡ ግን ከሰብሳቢ ጋር ውሎ አያውቅም።

እሑድ ማተሚያ ቤቱ ዝግ ነው። ጠራዡ በጠዋት ክፍሏን ከፈተ፤ ጠረጴዛውን በስፖንጅ አጠበ፣ አደረቀ፣ ንጹሕ ወረቀት አነጠፈ። እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበ። ጣቶቹ ላይ የቀረች ሙጫ እንዳትኖር በጥፍሩ ፋቃት። ወንድሙ ልጅ ሆኖ እንዴት ይታጠብ እንደነበር ትዝ አለውና ለብቻው ሳቀ።

የዛጉትን ሁለት ሽቦዎች በወስፌ ጫፍ ቀና አድርጎ አወጣቸው። ዝገቱ ወረቀቱ ላይ የተወውን ቡናማ ምልክት በጥጥ እያራሰ አነሳው። የዛጉትን ሽቦዎች ጥሎ አዲስ፣ የሚያብረቀርቁ አስገባ። ሰኞና ማክሰኞ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቅዷን ያዛት። ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ወረቀት ፈልጎ፣ የዱቄት ማጣበቂያ ራሱ አቅጥኖ አማስሎ፣ የተቀደደውን ክር በክር አገናኘው። ቀለሙ የጠፋበት ቦታ ላይ አንዲት ፀጉር ብቻ ባላት ብሩሽ ሰማያዊ ነካ ነካ አደረገበት። ሰማያዊውን ለማግኘት አሥራ አራት ጊዜ ደባልቋል። መጭመቂያው ውስጥ አሳደራት። ረቡዕ ሲያወጣት ጣቱን ቢያሳልፍባት፣ ብርሃን ላይ ቢያዘነብላት፣ እሱ ራሱ ቦታዋን አጣት። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የዛሬ አርባ አራት ዓመት «ነገ» ያለው ቀን ዛሬ መጣለት።

እዚያ ላይ ቢያቆም እንኳ ነገሩ ያው ነበር። ግን አላቆመም። ጠርዟን ሲያይ ገጾቹ እኩል አልነበሩም፤ ከፋብሪካ ሲወጡ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ፀጉር ያህል ይበልጣል። ይህን አስቦ ይሁን ሳያስብ እሱም አያውቅም። ራሱን ያገኘው መከርከሚያው ዘንድ ነው። ስለቱ ሦስቴ ወረደ። ሦስት ክር የመሰሉ ቁራጮች ከማሽኑ ሥር ወደሚቀመጠው ጆንያ ወደቁ። መጽሔቷ አሁን ገና ከማተሚያ የወጣች መሰለች። ጠራዡ ለብቻው «ተመልከቱማ!» አለ፤ የሚመለከት ሰው ግን አልነበረም።

ነጋዴው በቀጠሮው ቀን ቦርሳ ይዞ መጣ። ጠራዡ ምንም ሳይነግረው ፖስታውን ሰጠው፤ ፊቱ ሲበራ ለማየት ፈልጎ ነበር። ነጋዴው መጽሔቷን አወጣ። ገለበጣት። ደግሞ ገለበጣት። ማጉያ መነጽሩን አወጣ፣ ማስመሪያውን አወጣ፣ ስልኩን ከፍቶ የበፊቱን ፎቶ አየ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀ። ጓንቱን ሲያወልቅ ነው ጠራዡ ክው ያለው።

«ማነው የነካት?» አለ ነጋዴው ቀስ ብሎ።

«እኔ ነኝ ልጄ። ጠገንኳት። አንተ ራስህ ነህ ቅዷ ባትኖር ያልከው። አሁን የለችም።»

«አባት...» ነጋዴው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አባት፣ እኔኮ ባትቀደድ ኖሮ ማለቴ ነው። ቅድ መጥፎ ነው። የተጠገነ ቅድ ግን የባሰ ነው። ሽቦው ቢዝግም የራሷ ሽቦ ነበር። ከፋብሪካ የወጣችበት።»

«አዲሱ አይዝግምኮ።»

«ሰው የሚከፍለው ለወረቀቱ መሰለዎት? የሚከፍለው ከአርባ ዓመት በላይ ማንም ምንም ሳያደርጋት ለመቆየቷ ነው። ቀለም የተቀባች፣ የተቆረጠች መጽሔት...» ማስመሪያውን ጠርዟ ላይ አስቀመጠ። «ቆርጠዋታል። ሦስቱንም ጎን። መቀባቱን ማስለቀቅ ይቻል ይሆናል፣ የተቆረጠ ግን እንዴት ይመለሳል?»

ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም። ዐይኑ እንባ እንዳቀረረ ጠራዡ ለይቶ አይቷል። ከቀድሞው ዋጋ ከሃያ አንዱን ልስጥዎ አለው፤ ከቀዶ ጥገናው ሂሳብ ጋር የማይቀራረብ። እምቢ ሲባል ቦርሳውን አንስቶ በሩ ላይ ደረሰና ዞረ።

«ፎቶው ባይኖረኝ ኖሮ ቅዷን አላገኛትም ነበር» አለ። «እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም።»

ጠራዡ ሲመሰገን ያፈረው በዕድሜው ይህን አንድ ቀን ነው።

በዚያ ከሰዓት መከርከሚያው ሥር ያለውን ጆንያ መሬት ላይ ዘረገፈው። የሳምንት ቁርጥራጭ ነው፤ የመዝገብ፣ የደረሰኝ፣ የቀን መቁጠሪያ። በጉልበቱ ተንበርክኮ እያንዳንዷን ቁራጭ እያነሳ አየ። ሦስቱን ክሮች ምን ሊያደርጋቸው እንደሆነ አልጠየቀም። ሊጣበቁ እንደማይችሉ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለቱን አገኘ። ሦስተኛውን ሳያገኝ መሸ።

ከዚያ በኋላ የሚቻለውን ሁሉ ሞከረ። የራሱ የነበሩትን መሣሪያዎች ሸጠ። ማተሚያ ቤቱ የስድስት ወር ደመወዝ አበደረው። በእናታቸው ለቅሶ ማግሥት የጠፉት ዘመዶች ዘንድ ሳይቀር ሄዶ ደጅ ጠና፤ ሰው መቼም ሲታመም ይራራልና እነሱም ማዋጣት ጀመሩ። ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ለወንድሙ ግን ምን ብሎ እንደሚነግረው አልሆንልህ አለው።

ፖስተኛው ራሱ ጠየቀው። አልጋው ላይ ትራስ ተደርድሮለት፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

«ባለ ጓንቱ መጣ?»

«መጣ።»

«ወሰዳት?»

ጠራዡ ከኮቱ ሥር ፖስታውን አወጣ። ሌላ ነገር ማድረግ አልቻለም። ፖስተኛው መጽሔቷን ተቀብሎ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ከጀርባዋ ጀመረ። አውራ ጣቱን ቅዷ የነበረችበት ቦታ ላይ አሳለፈ። እንደገና አሳለፈ። የሚያብረቀርቁትን ሽቦዎች አየ። ጠርዟን በመዳፉ ዳሰሰ። ስለ መጽሔት የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ ነጋዴው ያን ሁሉ ሰዓት የወሰደበትን እሱ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ውልብ አለ፤ ጠራዡ ግን ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።

«አያስታውቅም» አለ ፖስተኛው።

«ወንድሜ፣ እኔኮ...»

«እውነቴን ነው ወንድም ጋሼ። ምንም አያስታውቅም።» እጁን ዘርግቶ የታላቁን እጅ ያዘ። ሙጫ ያለባቸውን ጣቶች ጠበቅ አደረጋቸው።

ልጅቷ ውሃ ይዛ ገባች። አባቷ መጽሔቷን ደረቱ ላይ አስቀመጠና «ላልሸጣት ወሰንኩ» አላት።

«ምን?»

«ሐሳቤን ቀየርኩ። ነጋዴውን መለስኩት። አልሸጣትም።»

«አባዬ፣ ለወረቀት ብለህ? ለሥዕል ብለህ ልትሞትብኝ ነው?» ልጅቷ ጮኸች። ነርሷ በሩ ላይ ብቅ አለች። «አጎቴ፣ ንገረዋ! አንተን ይሰማሃል፣ ንገረው!»

ጠራዡ አፉን ከፈተ። እውነቱን ሊነግራት ነበር። ወንድሙ ግን እጁን አልለቀቀውም፤ አጥብቆ ያዘው። ጠራዡም አፉን ገጠመ። ያን ጊዜ ለወንድሙ ፈቃድ ብሎ ዝም ያለ መስሎት ነበር። በኋላ ሲያስበው ግን ለራሱ ብሎ ነው ዝም ያለው፤ ፈሪ ስለሆነ።

ወሬው ዘመድ ጋ ደረሰ። «ሀብቱን ታቅፎ ተኝቶ እኛን ያስለምናል እንዴ?» ተባለ። ሊሰጥ ያሰበው እጁን ሰበሰበ፤ የሰጠው ደግሞ ቅር አለው። ጠራዡ ደጅ ሲጠና ይህን ሁሉ በጆሮው ሰምቷል። ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለቴም ዋጠው።

ፖስተኛው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። ልጅቷ ቀብር ላይ አላለቀሰችም። ቆማ አፈሩን ብቻ ትመለከት ነበር፤ ሰዎች ደርቃ ቀረች አሉ። ጠራዡ ግን አፈሩን በምን ዐይን እንደምታየው ያውቅ ነበርና አንገቱን ደፋ።

ወር ሳይሞላ አንድ ረፋድ ላይ ወደ ጠራዡ ክፍል መጣች። ክፍሏ ባዶ ሆናለች ማለት ይቻላል፤ የማተሚያ ቤቱ ንብረት የሆኑት ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ መጭመቂያውና መከርከሚያው ብቻ ቀርተዋል። ቁጥር ዘጠኝን እንደ ጋዜጣ ጠቅልላ በጡጫዋ ጨብጣታለች። ያን ያየው ጠራዥ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ፣ እጁ ሊያስጥላት ተንቀሳቀሰ።

«እንካ» ብላ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ማዕዘኑ ታጠፈ። «ቤት ውስጥ ላየው አልቻልኩም። ላቃጥለው ነበር፤ ግን የሱ ነበርና አንተ ትፈልገው ይሆናል ብዬ ነው። ዩኒቨርሲቲውንም ትቻለሁ፣ ሥራ ፈልጌያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ አጎቴ። እኔን ከዚህ አሳንሶ ነበር የሚያየኝ?»

ጠራዡ ተቀመጠ። ዝም ቢል ልጅቷ ትቀርለታለች። በሳምንት አንዴ ትመጣለች፣ ሻይ አብረው ይጠጣሉ፣ ሲታመም ታስታምመዋለች። ሌላ ሰው የለውም። ወንድሙ ይህንን አስቦ ነበር እጁን የያዘው። ግን ያ ፖስታ አጥፎ የማያውቅ ሰው በገዛ ልጁ ሆድ ውስጥ እንደዚህ ተጠቅልሎ ሊቀር ነው።

«ከኋላ ሽፋኑ ላይ ቅድ ነበረች» አለ።

ሁሉንም ነገራት። የልጅነታቸውን ቀን፣ «ነገ» ማለቱን፣ እሑዱን፣ ሰማያዊውን ቀለም፣ መከርከሚያውን፣ ነጋዴው ጓንቱን ማውለቁን። ዘመዶቹ ሲያሙት ዝም ማለቱን ሳይቀር ነገራት። ኪሱ ውስጥ አጥፎ የያዛትን ትንሽ ወረቀት አውጥቶ ሁለቱን ክሮች አሳያት። «አባትሽ የሸፈነው እኔን ነው» አላት። «አንቺን አይደለም ያሳነሰው።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ክሮች አየች። ግድግዳው ማዶ የማተሚያ ማሽኑ ይንኳኳል።

«ባትነካት ኖሮ» አለች በመጨረሻ፣ «ይድን ነበር?»

የሚያጽናና መልስ ነበረ። ማን ያውቃል፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ጠራዡ ሐኪሙ ያለውን አስታወሰ።

«ይድን ነበር» አለ።

ልጅቷ ቀና አለች። መጽሔቷን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና በመዳፏ ቀስ ብላ ዘረጋቻት። የታጠፈውን ማዕዘን አየችው። ጠራዡም አየው፤ አንዲት ጠብታ ውሃና አንዲት ቀን ከመጭመቂያው ሥር ይበቁት ነበር። እጁን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

ስትመጣ በጡጫዋ ጨብጣት የገባችውን፣ ስትወጣ በሁለት መዳፎቿ ላይ አጋድማ፣ ነፋስ እንዳይነካት በደረቷ ከልላ ይዛት ወጣች። በሩን በክንዷ ነው የዘጋችው። ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተገናኝተዋል፤ ሰላም ትለዋለች፤ አጎቴ ግን አትለውም።